ከበሩ ላይ የተሰጠች ግጥም

ስቶክዌል አካባቢ ሱሪ የረዘመበት፣ ቀሚስ የጠበባት አበሻ ሁሉ እንግዳወርቅን ያውቃታል። ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንድ የቆጵሮስ ሰው የልብስ ማጠቢያ ሱቅ አለው። በሱቁ ጥግ፣ በእንፋሎቱና በተሰቀሉት ሸሚዞች መካከል፣ የስፌት መኪናዋን ተክላ ዓመታት ተቀምጣለች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታዜማለች። መርፌ በከንፈር ይዞ ማዜም እንዴት እንደሚቻል እሷው ታውቃለች። ዜማው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤

ደጅሽ ላይ ቆሜ ነው ዝናቡ የመታኝ፣
ጎርፉን ተሻግሬ ዝምታሽ ግን ረታኝ።

ግጥሟ የሠርግ ግጥም ናት፤ ቢያንስ እንግዳወርቅ ያገኘቻት ከሠርግ ላይ ነው። ባተርሲ፣ ወንዙ አጠገብ በነበረ አንድ አዳራሽ የአንድ ሰው ልጅ ሲዳር የሚዜዎቹን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ነበረች። ተጋበዘች፤ ሄደችም። ለንደን ገና አዲሷ ነበርና ሰው አታውቅም። ከግድግዳው ሥር ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የአንዷ ሚዜ ቅምቅማት ሲተረተር ከሩቅ እያየች ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ባለማሲንቆው ሙሽሮቹን አወድሶ ሲያበቃ ቀስ እያለ መጣና ፊቷ ቆመ። መልከ መልካም ነው፤ ጥርሱ ፍንጭት። ማሲንቆውን አስለቀሰና ያችን ግጥም ጣለላት። «ዝምታሽ ግን ረታኝ» ሲል አዳራሹ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ሳህኗን መሬት አስቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ሳቀች።

መዝገቡ ይባላል። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ።

ያ ዘመን ዛሬ ሲታሰብ እንደ ሻይ ውስጥ ስኳር ነው፤ አይታይም፣ ይጣፍጣል። አገር ቤት የሚደወለው በካርድ ነበር፤ ቁጥሩን ፍቆ፣ መስመር እስኪገኝ ደጋግሞ ሞክሮ፣ «ሃሎ» ሲባል ካርዱ ያልቃል። አበሻ ከአበሻ መንገድ ላይ ሲገናኝ ስሙን ሳይጠይቅ ይሳሳም ነበር። መዝገቡ ቀን አውቶቡስ እየነዳ፣ ቅዳሜና እሑድ ማሲንቆውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ በየአበሻ ምግብ ቤቱ ይዞር ነበር። ልጃቸው ቢታንያ ስትወለድም ማዋለጃው ክፍል ደጃፍ ላይ ያችኑ ግጥም በፉጨት እያዜመ ነርሶቹን አስቋል ይባላል። እንግዳወርቅ ሲከፋት፣ ሲርባት፣ ባሏ ሲያናድዳት ወደዚያች ግጥም ትመለሳለች። ሰው ወደ እናቱ ቤት እንደሚመለስ ማለት ነው። አንድ ወንድ ለእኔ ብሎ የገጠማት ናት ትላለች። ከዚህ ወዲያ የጋብቻ ወረቀት ምን ያደርጋል?

ሱቅ የመክፈት ሕልሟ የመጣው ቢታንያ ሁለተኛ ደረጃ ከገባች በኋላ ነው። ከባቡር ድልድዩ ሥር አንዲት ጠባብ ባዶ ቤት ነበረች፤ መስኮቷ ሰፊ፣ ወለሏ እንጨት። አከራዩ ሽማግሌ ጃማይካዊ ሰውዬ ቁልፉን አውሷት ሜትሯን ይዛ ገብታ ለካታለች። የስፌት መኪናው እዚህ፣ መስተዋቱ እዚያ፣ መጋረጃው ወይን ጠጅ። ለዓመታት የቋጠረቻት ጥሪት በመዝገቡ ደመወዝ ተደግፋ የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ ትችላለች። ውሉን ሊፈራረሙ ቀን ቀጠሩ።

ከዚያ በፊት ከሶሊሲተር፣ ከጠበቃ ማለት ነው፣ ደብዳቤ መጣ። የመዝገቡ የቀድሞ ሚስት፣ ወይዘሮ ጸሃይነሽ፣ መተዳደሪያ እንዲቆርጥላት በፍርድ ቤት ልትጠይቅ ነው።

«ጸሃይነሽ?» አለ መዝገቡ፤ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ። «ጸሃይነሽ እኮ ምንም አልፈልግም ብላ ነው የሄደችው። ሽማግሌ ፊት። ጋሽ ደግፌ ምስክሬ ናቸው።»

«ዳድ፣ ኤክስ ዋይፍ እንዳለህ አውቃለሁ» አለች ቢታንያ ከስልኳ ቀና ሳትል፤ «ግን ቶተንሃም እንደምትኖር ማንም አልነገረኝም። ሲሪየስሊ፣ አንድ ባቡር ነው።»

«አንቺ ወደ ክፍልሽ» አለች እናቷ።

«አይ አም ጀስት ሴይንግ፣ ማሚ።»

እውነቷን ነው። ስቶክዌል የሚሳፈር ሰው ሳይቀይር፣ በዚያው ሰማያዊ መስመር፣ ቶተንሃም ይወርዳል። ሁለቱ ሴቶች ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ላይ ኖረዋል።

እንግዳወርቅና መዝገቡ ወደ አንድ ሶሊሲተር ሄዱ። ሴትየዋ ወጣት ናት፤ ትዕግሥተኛ። የፍቺው ወረቀት አለ፤ ዳኛ አጽድቆታል። ስለ ንብረትና ስለ መተዳደሪያ የተቆረጠ ነገር ግን የት ነው ብላ ጠየቀች። መዝገቡ ደረቱን ነፍቶ አስረዳ፤ በሽማግሌ ተቆርጧል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቶተንሃም ውስጥ ተቀምጠው፣ እሷም «ምንም አልፈልግም» ብላ፣ ተጨባብጠው፣ ዳቦ ቆርሰው ተለያይተዋል። ከዚያ ወዲያ ለእንግሊዝ ዳኛ ምን ይነገራል? የሰው ጉድ።

«ዳቦ ቆርሳችሁ» አለች ሶሊሲተሯ፤ እየጻፈች። ቀና ብላም ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ በሩን ገጠም አድርገውታል እንጂ አልቆለፉትም። የሚቆልፈው ዳኛው ነበር፤ ለእሱ ግን ማንም አልነገረውም። ጸሃይነሽ ሌላ ባል አላገባችም፣ እጇ ታሞ ሥራ አቁማለች። ዘግይታለች፤ ዳኛው ይህንንም ያያል። ይሁንና ልትጠይቅ ትችላለች። ከዳኛው በፊት ተነጋግራችሁ ብትስማሙ ይሻላል አለች፤ የቤታችሁን ገቢ ሁሉ፣ የሚስትህንም ጭምር፣ መጠየቁ አይቀርም።

በአውቶቡሱ እንግዳወርቅ መስኮት መስኮቱን እያየች ነበር። «የእኔን መርፌ ነው የሚቆጥሩት» አለች። «እኔ በመርፌ የለቀምኩትን ለእሷ ልሰጥ ነው። ሱቄ ሄደች ማለት ነው።»

«አትሄድም። እኔ አናግራታለሁ።»

«አንተማ ተናግረህ ሞተሃል። እኔ ራሴ ነኝ የማናግራት።»

ከያኔዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሽ ደግፌ፣ በእሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቶተንሃም ቤታቸው ሰበሰቧቸው። አርጅተዋል፤ ከዘራቸውን እግራቸው መካከል ተክለዋል፤ ያኔ ያላሰሩት ውል እንደ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ተሰክቷል። «የእኛ ጥፋት ነው» አሉ እነ መዝገቡ ገና ሳይቀመጡ። «በአገራችን ልማድ ጨረስነው አልን። አገራችን ግን እዚህ አልነበረም።»

ጸሃይነሽ ቀድማ መጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንግዳወርቅ በሐሳቧ ሌላ ሴት ስላ ነበር፤ ቅንድቧን የተኳለች፣ ምላሰ ረጅም። ያገኘቻት ግን ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች የአሥመራ ወይዘሮ ነች። ቤቱ ይሞቃል፤ ካፖርቷን አላወለቀችም። የልብስ ሰፊ ዓይን ሌላ ቦታ አያርፍምና እንግዳወርቅ መጀመሪያ ያየችው ቁልፉን ነው። አንድ ቀዳዳ ተዘሏል። ታችኛው ጭራሽ አልተቆለፈም። ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ አብጠው እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል።

«እንደምን ነሽ፣ የመዝገቡ ሚስት» አለች ጸሃይነሽ። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ የድሮ ትምህርት ቤት አማርኛ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ጸሃይነሽ።»

«እትዬ አልሽኝ? ዳኛው ሳይቆርጥልኝ እርጅናዬን ቆረጥሽልኝ እንግዲህ።»

ጋሽ ደግፌ ሳቁ፤ መዝገቡ አልሳቀም። «ጸሃይ፣ ምንም አልፈልግም ያልሽው አንቺው ነሽ» አለ። «ጋሽ ደግፌ እዚህ ቁጭ ብለዋል።»

«ብያለሁ። ያኔ ኩራት ነበረኝ፤ እጅም ነበረኝ።» እጆቿን ጭኗ ላይ ገለበጠቻቸው። «የሰው ቢሮ ጠርጌ አድራለሁ ብዬ ነው። ጠረግሁም። አሁን መጥረጊያው አልጨበጥ አለኝ። ሰው ጠየቅሁ፤ መንገድ አለ አሉኝ። ክፋት አይደለም፣ መዝገቡ። ክፋት ቢሆን ድሮ ነበር የምመጣው።»

«እኔስ?» አለች እንግዳወርቅ። «እትዬ፣ እኔ ምን በደልኩዎት? ሱቅ ልከፍት ውል ልፈርም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ሳጠብብና ሳሰፋ ኖሬ አንዲት በር የራሴ ልትሆን ነው። የዚያችን በር ቁልፍ ነው የሚጠይቁኝ።»

ጸሃይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች። እንግዳወርቅ ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ወጥ ቤቱ ተነሣች። ኩባያዎቹን ስታለቃልቅ፣ ልቧ ሲጨንቀው እንደምታደርገው፣ ከንፈሯ ሳታዘው ማዜም ጀመረ።

«ማን ሰጠሽ?»

ዞር ስትል ጸሃይነሽ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ምኑን?»

«ያችን ግጥም።»

እንግዳወርቅ ኩባያውን አስቀመጠች፤ ትንሽም ኮራ አለች። «መዝገቡ ነዋ። ስንተዋወቅ ለእኔ የገጠማት ናት።»

ጸሃይነሽ ድምፅ በሌለው ሳቅ ሳቀች። «መዝገቡ ይገጥማል? መዝገቡ እኮ ከማሲንቆው ጋር ያለ ሰው ነው እንጂ ከቃል ጋር ምን አለው። ቀሪዋንስ?»

«ምን ቀሪ አላት? እዚያ ላይ ታልቃለች።»

«አታልቅም» አለች። ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ ዜማ ሳትጨምርበት፣ እንደ ወሬ አለችው፤

«ዝናቡስ ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፤
ጠባቂ ነፍሴ ግን የት ትቀመጣለች።»

ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ጠቅ ብሎ ጠፋ። ሁለቱም አልነኩትም።

ከዚያ ጸሃይነሽ ነገረቻት። መዝገቡ በሚዘፍንባቸው ቤቶች ሁሉ ከማሲንቆው በስተግራ አንዲት ዱካ ነበረች፤ የእሷ መቀመጫ። ደንቡን ያልሰማ የለም፤ ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው የተሰጠውን ተቀብሎ ይዘፍናል። ታዳሚው ቃል ሲጠፋው ግን የምትሰጠው እሷ ነበረች። የወዳጁን ልደት ዘንግቶ ለመጣ ለልደቱ፣ ለተጣላ ለዕርቁ፣ አገር ለናፈቀው ለናፍቆቱ፣ በጆሮው ሹክ ትለዋለች፤ እሱ ያዜመዋል። በዚያ በጦርነቱ ዓመት፣ አሥመራና አዲስ አበባ ሲተኳኮሱ፣ ባለ ምግብ ቤቱ መዝገቡን ጠርቶ «ለጊዜው ባለቤትህ ባትመጣ፣ ደንበኛው አፉ ክፉ ሆኗል» አለው። መዝገቡ ምንም አልመለሰም። ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን መሄድ ጀመረ።

«አንድ ቅዳሜ መጣሁ» አለች። «ይዘንባል። አልገባሁም፤ ገብተሽ ተቀመጪ የሚለኝ እሱ ነበር መሆን ያለበት። ከበሩ ላይ ቆሜ ተቀበል አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ያችን ሰጠሁት። ለእሱ እኮ ነው ያልኩት፤ ለራሱ። እሱ ምን አደረገ መሰለሽ? እንደማንኛውም ግጥም ተቀበለና፣ «ዝምታህ» ያልኩትን «ዝምታሽ» ብሎ ዘፈናት። ቤቱ አበደ፤ አስደገሙት። ሁለተኛዋን ልሰጠው ስጠብቅ ጭብጨባው አላሰማኝ አለ። ወጥቼ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹን የላክሁት በሳምንቱ ነው።»

እንግዳወርቅ ሻዩን አልቀዳችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሳሎኑ ተመለሰችና ባሏ ፊት ቆመች።

«ያችን ግጥም ማን ነው የገጠማት?»

መዝገቡ ጸሃይነሽን አየ፣ እሷን አየ። «ተሰጠችኝ። የተሰጠኝን ተቀበልኩ። አዝማሪ ሌላ ምን ያደርጋል?»

«የሰጠችህን ሴት ከበሩ ላይ፣ ዝናብ ላይ መቆሟን አይተሃል?»

መዝገቡ ዝም አለ። ጋሽ ደግፌ ከዘራቸውን እያዩ ነው። እንግዳወርቅ ያን ዝምታ በትዳሯ ዘመን ሁሉ ስታዜመው ኖራ፣ ፊት ለፊት ያየችው ያን ቀን ነው።

በመመለሻው ባቡር ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ለአንቺ ስዘፍናት ከልቤ ነበር» አለ መዝገቡ። «ቃሉ የሷ ይሁን። ልቡ የእኔ ነበር።»

«አውቃለሁ። ባላውቅማ እዚሁ ወርጄ ነበር» አለች። «ስንቱን ዓመት ክረምቱን ያለፍኩት የሰው እሳት እየሞቅሁ ነው፤ እሳቱን ያነደደችው በር ላይ ቆማ። እንስማማ፣ መዝገቡ። የሚገባትን እንስጣት።»

«ሱቅሽስ?»

ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ጮኸ። እንግዳወርቅ ጠበቀችው፤ ጩኸቱ ሲያልፍ፣ «ወይን ጠጅ መጋረጃ ለማንኛውም አቧራ ይስባል» አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስከ ስቶክዌል አልመለሰችውም።

ተስማሙ። ከመዝገቡ ደመወዝ በየወሩ ለጸሃይነሽ የምትሄድ ልክ ተቆረጠች፤ የእንግዳወርቅ ጥሪት ሳይነካ ቀረ፣ ብቻውን ግን የዓመት ኪራይ አይችልም። መዝገቡ እሑድንም መንዳት ጀመረ። የአሁኑን ስምምነት ዳኛው አጸደቀው፤ ጋሽ ደግፌም ዳቦ አስቆረሱ። ድርብ ቁልፍ ነው አሉ። ከድልድዩ ሥር ያለችው ቤት የስልክ መጠገኛ ሆነች። እንግዳወርቅ ወደ ሥራ ስትሄድ በሌላው መንገድ ትዞራለች፤ ትንሽ ይርቃል፣ ዛፍ ግን አለው።

ለተወሰነ ጊዜ ማዜም ተወች። የቆጵሮሱ ሰውዬ እንኳ አስተውሎ ታመምሽ ወይ አላት።

ክረምቱ ጠንከር ሲል የሱቁ በር ተከፈተና ጸሃይነሽ ገባች፤ ግራጫው ካፖርት እንደዚያው ተዛንፏል። ቶተንሃም ሲለያዩ «ካፖርቱን አምጪልኝ» ብላ እንግዳወርቅ በጆሮዋ ነግራት ነበር። አሁን አስወልቃ፣ የራሷን ሹራብ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋላት፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆርጣ አነሣች። በውስጥ በኩል በመዳፍ ጫን ሲሉት ጠቅ ብሎ የሚገጥም ሰፋ ያለ መያዣ ተከለች፤ አሮጌዎቹን ቁልፎች መልሳ ከውጭ ለጌጥ ሰፋቻቸው። የሚያይ ሰው እንደ ድሮው የተቆለፈ ይመስለዋል። የተበላውንም ገበር ለወጠች።

ጸሃይነሽ ለበሰችው። በመዳፏ ደረቷን ከላይ ወደ ታች ጫን ጫን አደረገች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ደግማ ፈታችና ደግማ ገጠመችው፤ እንደ ልጅ።

«ስንት ነው?» አለች ቦርሳዋን እየፈለገች።

«ቦርሳውን ይተዉት፣ እትዬ። ግጥም።»

«ምን?»

«ግጥም ይስጡኝ። በሕይወቴ አንድ ግጥም ነበረችኝ፣ የሰው ሆና ተገኘች። የራሴ እፈልጋለሁ።»

ጸሃይነሽ ተንተክትካ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ያኔ ከዚያች በር ወዲህ ለማንም አልሰጠሁም። ደርቄአለሁ።»

«እጠብቃለሁ።»

«እንዲህ በትእዛዝ አይመጣም።»

«ይምጣ ሲለው ይምጣ» አለች እንግዳወርቅ፤ ወደ ስፌቷ ተመልሳ።

ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። አንድ ማለዳ እንግዳወርቅ የትምህርት ቤት ሱሪ እያሳጠረች ሳለ ስልኳ ጠራ። ከወዲያ የአውቶቡስ ድምፅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ከዚያ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ አንድ የጠራ የድሮ ትምህርት ቤት አማርኛ፤

«ተቀበዪ።»

እንግዳወርቅ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች።

«ለብርዱ በር ዘጋሽ በክርና መርፌ፣
እኔም ተቀመጥኩኝ ከደጅሽ ላይ አርፌ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጸሃይነሽ ልትወርድ ደርሳ ይሆናል። እንግዳወርቅ ሱሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ግጥሟን አንዴ በሹክሹክታ አለቻት፤ ሁለተኛ በዜማ። ከእንፋሎቱ ወዲያ የቆጵሮሱ ሰውዬ ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ።

ማታ መዝገቡ ሥራ ውሎ ሲገባ ምን አዲስ ነገር አለ አላት። ምንም አለችው። ከሌላው ክፍል ግን የማታውቀውን ዜማ የሰማችው ቢታንያ በሩን ከፈት አድርጋ፣ «ማሚ፣ ያ ኒው ነው?» አለች።

«አዲስ ነው።»

«ዳድ ይችለዋል?»

«አይችለውም» አለች እንግዳወርቅ። «ይህችኛዋ የተሰጠችው ለእኔ ነው።»